ስለ አሮጌ ኦቶሞቢል ዋጋና ስለ ነጂ ልማድ

ሰው ለዕቃ ያለው ፍቅር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዕቃውን «የኔ ነው» ለማለት የሚወድ ፍቅር ነው፤ ሁለተኛው የዕቃውን ጠባይ ዐውቆ በሚገባው መንገድ ለመያዝ የሚወድ ፍቅር ነው። ፊተኛው በገንዘብ ይገኛል፤ ኋለኛው ግን ትዕግሥትና ትምህርት ካልተጨመረበት በማናቸውም ዋጋ አይገኝም። እኔ ይህን ልዩነት የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በዋሽንግተን ከተማ፣ ከአንድ ትልቅ ሕንጻ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ስሠራ፣ በአንድ አሮጌ ኦቶሞቢል ምክንያት ነው። ታሪኩ የራሴን ጥፋት የሚገልጥ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬው ኖርሁ። ዛሬ ግን ለወጣቶች ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ አስቤ ጻፍሁት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌአቸዋለሁ።

ጊዜው 1998 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ከተማ ብዙ የአገራችን ልጆች ቀን መኪና እያቆሙ ማታ ይማሩ ነበር፤ እኔም ከነርሱ አንዱ ነበርሁ። ሥራችን ባለመኪናው በበሩ ላይ ቁልፉን ሲሰጠን ተቀብሎ ኦቶሞቢሉን ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ሲመለስም አውጥቶ መስጠት ነው። አብዛኛው መኪና ማርሹን ራሱ የሚለውጥ አውቶማቲክ ስለ ነበረ ከሥራ ጓደኞቼ መካከል ፍሪሲዮን ረግጦ በእጅ ማርሽ መለወጥ የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ማርሹ በእጅ የሚለወጥ መኪና በመጣ ቁጥር «እርሱን ጥሩት» ይባል ነበር። ይህ መጠራት በልቤ ውስጥ ትንሽ በትንሽ ትዕቢት ዘራብኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት አንድ ደንበኛችን ቀይ ዳትሰን 240 ዚ የሚባል የስፖርት ኦቶሞቢል ይዞ ይመጣ ነበር። መኪናው የ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ቢሆንም ታድሶ ገና ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያበራል። ሰውዬው ከሁለት ወዳጆቹ ጋራ ቁርስ ለመብላት ወደ ሰፈራችን ሲመጣ ሦስቱም በመኪናው ዙሪያ ቆመው ይከራከራሉ። አንደኛው ወዳጁ ሒሳብ ዐዋቂ ነገር ነበር፤ ሁለተኛው ግን ዕድሜውን ሁሉ በጋራዥ የፈጀና ጡረታ የወጣ ሽማግሌ መካኒክ ነበር። እኔም ቁልፉን በእጄ ይዤ ክርክራቸውን እሰማ ነበር።

ሒሳብ ዐዋቂው እንዲህ ይል ነበር፦ «ይህ መኪና አዲስ ሳለ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዶላር ያህል ይሸጥ ነበር። አንተ አሮጌ ሆኖ ሳለ ሃያ አምስት ሺህ ከፈልህበት። በዚህ ገንዘብ አዲስና የተሻለ መኪና ይገኛል። የገዛኸው ብረት አይደለም፤ የልጅነት ትዝታህን ነው።» ባለቤቱ ደግሞ፦ «ትዝታም ዋጋ አለው። ደግሞም ያሳደሰው ራሱ የሠራው ኩባንያ ነው፤ የሰፈር ቀለም ቀቢ አይደለም» ብሎ ይመልስለት ነበር።

ክርክራቸው እንዲገባን የኦቶሞቢሉን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ኒሳን የተባለው የጃፓን ኩባንያ ይህን መኪና ለአሜሪካ ያስተዋወቀው በ1969 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በኒው ዮርክ ከተማ ነው። ከዚያ በፊት በአሜሪካ የስፖርት ኦቶሞቢል የሚባለው አብዛኛው ከአውሮፓ የሚመጣ ነበር። ከነርሱም ርካሹ ጉልበት ያንሰዋል፤ ብርቱው ደግሞ የሀብታም ብቻ ነበር። በአሜሪካ የኩባንያው ኃላፊ የነበሩት ዩታካ ካታያማ ግን ተራ ሠራተኛ በደመወዙ ሊገዛው የሚችል፣ ውበትም ጉልበትም ያለው መኪና ይሠራ ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። መኪናው ስድስት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ሞተርና 150 የፈረስ ጉልበት ያህል ኖሮት ዋጋው 3,526 ዶላር ሆነ። ዋጋው እንዲህ የቀነሰው ኩባንያው ለሌሎች መኪናዎቹ የሚሠራቸውን ብዙ ዕቃዎች በዚህም ላይ ስለ ተጠቀመ ነው። በጃፓን ስሙ «ፌርሌዲ» ይባል ነበር፤ ካታያማ ግን ይህ ስም አሜሪካኖችን አይማርክም ብለው የስሙን ምልክት አስነቅለው በቍጥሩ 240 ዚ እንዲባል አደረጉ ይባላል። ሕዝቡ ተሻምቶ ገዛው፤ የዚህ ትውልድ መኪና እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ በልዩ ልዩ ዓይነት ከ500,000 በላይ ተሠራ።

እንግዲህ ነገሩን ልብ ብለህ ተመልከት። ይህ ኦቶሞቢል የከበረው ውድ ስለ ነበረ አይደለም፤ ርካሽ ሆኖ ሳለ መልካም ስለ ነበረ ነው። ነገር ግን ላሜራው በቶሎ የሚዝግ ስለ ነበረ ከሃያ ዓመት በኋላ ብዙው ጠፋ። በ1996 ዓ.ም. ኩባንያው የዚህን ዘር መኪና በአሜሪካ መሸጥ አቆመ። ስሙ ጨርሶ እንዳይረሳ ግን አሮጌዎቹን ከየቦታው እየገዛ፣ ለተመረጡ ጋራዦች እየሰጠ፣ አሳድሶ እንደ ገና በሻጮቹ በኩል መሸጥ ጀመረ። የአንዱ ዋጋ ወደ 25,000 ዶላር ያህል ነበር። ሁለት መቶ ያህል ለማሳደስ ታስቦ ከሃምሳ ሳይደርስ ሥራው ቆመ። ምክንያቱ ለሚያስተውል ሰው ግልጽ ነው። አሮጌን መኪና እንደ አዲስ ማድረግ ቀለም መቀባት ማለት አይደለም፤ ሁሉንም ነቅሎ፣ የዛገውን ላሜራ ቆርጦ፣ አዲስ በይዶ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ፈትቶ መግጠም ነው። ፋብሪካ በአንድ ጊዜ በብዙ ሺህ ሲሠራ ድካሙ ለሁሉ ይካፈላል፤ ሲታደስ ግን የብዙ ሰዎች ድካም በአንዱ መኪና ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለገዢው የተወደደው ዋጋ ለሠሪውም ትርፍ የሚሰጥ አልነበረም።

ሁለቱ ሰዎች በዋጋው ሲከራከሩ ሽማግሌው መካኒክ ብዙ ጊዜ ዝም ይል ነበር። አንድ ቀን ግን፦ «እናንተ ስንት እንደ ተገዛ ትከራከራላችሁ፤ እንዴት እንደሚነዳ የጠየቀ ግን የለም» አለ። ባለቤቱ ሳቀ። እኔም «ይህ ነገር እኔን አይመለከትም፤ መንዳትማ የኔ ሙያ ነው» ብዬ በልቤ አሰብሁ።

ማርሽን በእጅ መለወጥ በጥንቱ ዘመን ከባድ ጥበብ ነበር። በ1890ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይ አገር ፓናርና ሌቫሶር የተባሉት ሠሪዎች በመኪናቸው ያገቡት ካምቢዮ ጥርሶቹ እየተንሸራተቱ የሚገጣጠሙ ስለ ነበረ፣ ነጂው የሞተሩን ፍጥነት በጆሮው ካልለካው ጥርስ ከጥርስ ይፋጫል። ስለዚህ ነጂዎች ማርሽ ሲለውጡ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ መርገጥን ይማሩ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ መኪና ጥርሶቹ ከመገጣጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል መሣሪያ ይዞ ወጣ፤ ይህንም የፈለሰፈው ኧርል ቶምፕሰን የተባለ መሐንዲስ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላም ይኸው ሰው የመራው ጓድ ፍሪሲዮን መርገጥን ጨርሶ የሚያስቀር ካምቢዮ ሠራ፤ እርሱም «ሃይድራማቲክ» ተብሎ በ1940 ዓ.ም. ሞዴል ኦልድስሞቢሎች ላይ ተገጠመ። እንግዲህ የእጅን ማርሽ ያቀለለውም፣ እንዲቀር መንገድ የከፈተውም አንድ ሰው ነው። ዛሬ በአሜሪካ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪናዎች መካከል ማርሹ በእጅ የሚለወጠው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው።

እኔ ይህን ጥበብ ያገኘሁት ከአጎቴ ነው። አጎቴ በደሴ መንገድ ፊያት ኤንትሬ የሚነዳ ሾፌር ነበር። በልጅነቴ በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ከጎኑ አስቀምጦ ይወስደኝ ነበር። በጣርማ በር ቁልቁለት ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ሌሎች ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ባዶ አድርገው ሲለቁት እርሱ ግን በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ መኪናውን እየያዘለት፣ ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር። «ጋሼ፣ ለምን እንደነርሱ አትለቀውም?» ብዬ ብጠይቀው፦ «ፍሬን የሚያምን ሰው አንድ ቀን ፍሬን ያጣል» አለኝ። መንዳት ባስተማረኝም ጊዜ ደጋግሞ፦ «እግርህ ፍሪሲዮን ላይ እንዳያድር፤ እጅህም የማርሽ ዘንግ ላይ እንዳይተኛ። ሥራህን ስትጨርስ አንሣ» ይለኝ ነበር። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ አጎቴ ግን ጣልያንኛ አያውቅም፤ የመኪናን ቋንቋ ግን ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። አንድ ቅዳሜ ባለቤቱ ቁርሱን ጨርሶ መኪናውን እንዳወጣለት ላከ። አዲስ የተቀጠሩ ሁለት ልጆች በበሩ ቆመው ስለ ነበረ ጥበቤን ላሳያቸው ፈለግሁ። መኪናውን አስነሥቼ ከምድር ቤት የሚያወጣውን ዳገት ጀመርሁ። በዳገቱ እኩሌታ ላይ ከፊቴ ተሰልፈው የቆሙ መኪናዎች አገኘሁ። የሚገባኝ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ማርሹን ባዶ አድርጌ፣ እግሬን አንሥቼ መጠበቅ ነበር። እኔ ግን አንድ እጄን በማርሹ ዘንግ ላይ አንተርሼ፣ አንድ እጄን በመስኮቱ አውጥቼ፣ ፍሪሲዮኑን በከፊል ለቅቄ ነዳጅ እየሰጠሁ መኪናውን በአየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ያህል በዳገቱ ላይ አቆምሁት። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም። ልጆቹ ተደነቁ፤ እኔም ደስ አለኝ። ሰልፉ ግን ቶሎ አላለቀም።

ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝና የሚለያይ ነገር ነው። ሸራ የለበሰ ክብ ዲስክ በብረት መካከል ተጨብጦ ይዞራል፤ ሲረገጥ ይላቀቃል፤ ሲለቀቅ ይጨብጣል። ጨርሶ ሲጨብጥም ጨርሶ ሲላቀቅም አይጎዳም፤ በከፊል ሲያዝ ግን ሸራው እየተፋተገ ይነድዳል። እግርም ዘወትር በላዩ ሲያርፍ የሚገፋው ኩሽኔታ ያለ ዕረፍት እየሠራ ያልቃል፤ እጅም በማርሽ ዘንግ ላይ ሲተኛ ማርሹን የሚያንሸራትቱትን ሹካዎች ይበላቸዋል። ይህን ሁሉ ዐውቄ ሳለሁ አደረግሁት።

ወደ በሩ ስደርስ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከኋላዬ ተከተለኝ። ባለቤቱና ሒሳብ ዐዋቂው ስለ ዋጋ እየተነጋገሩ ስለ ነበረ ልብ አላሉትም። ሽማግሌው ግን ሸተተው። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ልጄ፣ ይህ ሽታ ምን እንደ ሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። «አውቃለሁ፣ ጌታዬ» አልሁት። «እኔ አልነግረውም፤ መንገር ያለብህ አንተ ነህ» ብሎኝ ተመለሰ።

ያን ጊዜ በልቤ የመጣውን ሐሳብ ልደብቅህ አልፈልግም። «ማንም አላየ፤ ሽታውም ይጠፋል፤ ብናገር ከሥራዬ እባረራለሁ፤ የትምህርት ቤት ክፍያዬም ገና አላለቀም» የሚል ነበር። ቁልፉን ሰጥቼው መኪናው ሄደ። ያን ሳምንት ግን እንቅልፌ ሰላም አልነበረውም። የአሠሪዬ ቍጣና የባለቤቱ ገንዘብ ያስጨንቁኝ ነበር፤ ከሁለቱም ይልቅ ግን የአጎቴ ቃል አሳፈረኝ። አጎቴ የሰው ጭነት በሰው መኪና ጭኖ ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ በሰው ዕቃ ተጫውቶ አያውቅም ነበርና።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለቤቱ እንደ መጣ ቁልፉን ከመቀበሌ በፊት የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። ፊቱ ቀላ፤ ስንት ገንዘብ እንዳወጣበት በቍጣ ተናገረ። እኔም የሚገባኝን እንድከፍል ለመንሁት። ሽማግሌው ግን፦ «ከመቍጠርህ በፊት ይከፈትና ይታይ» አለ። በሳምንቱ በሽማግሌው ጋራዥ ካምቢዮው ወርዶ ፍሪሲዮኑ ታየ። ሸራው ጠቍሮ እጅግ ሳስቷል፤ ኩሽኔታውም ይጮኽ ነበር። ሽማግሌው በጣቱ ዳሶ፦ «መቃጠሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መሳሳቱ ግን የብዙ ወር ሥራ ነው። ይህን ፔዳል ወንበር ያደረገው ማን ነው?» ብሎ ወደ ባለቤቱ ተመለከተ። ሰውዬው ዝም አለ። መኪናውን ከገዛበት ቀን ጀምሮ በከተማ ሲነዳ ግራ እግሩን ከፍሪሲዮኑ ላይ አንሥቶ አያውቅም ነበር።

ይህን ስሰማ ለጊዜው ደስ ብሎኝ ነበር፤ የርሱ ጥፋት የኔን ጥፋት የሚያነጻልኝ መስሎኝ ነበርና። ነገር ግን እንዲህ አይደለም። እርሱ ያጠፋው ባለማወቅ ነው፤ እኔ ያጠፋሁት ዐውቄ ነው። የአንዱ ጥፋት ከሌላው ተለይቶ ሊለካ ስለማይቻል ተስማምተን ለሦስት ሳምንት በየሳምንቱ ሃያ ዶላር ከደመወዜ ከፈልሁት። ስልሳ ዶላር ያን ጊዜ ለኔ ብዙ ነበር። ነገር ግን እንደዚያ ርካሽ ትምህርት ገዝቼ አላውቅም። ሰውዬውም ከዚያ በኋላ ከሽማግሌው ዘንድ እየሄደ መንዳትን እንደ ሕፃን ተማረ። በዋጋው መመካቱም ቀነሰ።

እንግዲህ በዋጋው ክርክር እውነቱ ከማን ጋራ ነበር? ታሪክ እንደሚያሳየን የአሮጌ ኦቶሞቢል ዋጋ እንደ ባሕር ማዕበል ነው። በ1987 ዓ.ም. በኅዳር ወር በለንደን ቡጋቲ ሮያል የተባለ፣ ስድስት ብቻ ከተሠሩት አንዱ የሆነ መኪና በ5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። በ1988 ዓ.ም. ኤንዞ ፌራሪ ሲሞቱ የርሳቸውን መኪናዎች ለመግዛት የሚሻማው በዛ፤ መንዳት የማይወዱ ሰዎች እንኳ ነገ በዕጥፍ እንሸጠዋለን እያሉ በብድር ይገዙ ጀመር። ከ1990 ዓ.ም. በኋላ ግን ዋጋው ወደቀ፤ ብዙዎችም ከሰሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። ደግሞ ዘመን ተለወጠና በ2020 ዓ.ም. አንድ የ1971 ዓ.ም. ዳትሰን 240 ዚ በሐራጅ 310,000 ዶላር አወጣ። የሒሳብ ዐዋቂው «ተወደደ» ያለው ሃያ አምስት ሺህ ዛሬ ርካሽ መስሎ ይታያል። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ መርሴዲስ ቤንዝ በ1955 ዓ.ም. ከሠራቸው ሁለት ብቸኛ የ300 ኤስ ኤል አር ባለጣራ መኪናዎች አንዱን በ135 ሚሊዮን ኤውሮ ሸጠ፤ ገንዘቡንም ወጣቶች ለሚማሩበት የርዳታ ትምህርት መደበው።

ከዚህ የምንረዳው ዋጋ የሚነገረው በገበያ አፍ መሆኑን ነው። ዛሬ ያከበረው ገበያ ነገ ያዋርደዋል፤ የናቀውንም ያነሣዋል። ሒሳብ ዐዋቂው በዚያ ቀን ሒሳብ ልክ ነበር፤ ባለቤቱም በፍቅሩ ልክ ነበር። ሁለቱም የሳቱት ግን አንድ ነገር አለ። አንዱ የመኪናውን ክብር በተከፈለበት ገንዘብ ለካው፤ ሌላውም ገንዘቡን ስለ ከፈለ ክብሩን የጠበቀለት መሰለው። መኪናው ግን በዚያው ጊዜ በባለቤቱ እግር ሥር እያለቀ ነበር።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ማርሽ በእጅ የሚለውጥ ሰው አውቶማቲክ ከሚነዳው ይበልጣል እያልሁህ አይደለም። ቶምፕሰን ሁለቱንም የሠራው የሰውን ድካም ለማቅለል ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል። እኔ ራሴ ዛሬ የምነዳው አውቶማቲክ ነው። እኔ የምልህ፣ በእጅህ የገባውን መሣሪያ፣ ያንተም ይሁን የሰው፣ ጠባዩን ዐውቀህ ያዘው ነው። የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ፣ የጎረቤት በቅሎ፣ የመሥሪያ ቤት መኪና ወይም ከታላላቆችህ የወረስኸው አገር ሁሉ በዚህ ሕግ ውስጥ ናቸው። የሚያልቁት በአንድ ቀን ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ሳናስተውል ዘወትር በላያቸው በምናሳርፈው እግር ጭምር ነው።

ሽማግሌው መካኒክ ከዚያ ሥራ ስሰናበት የመጨረሻ ቀን ሊጨብጠኝ መጥቶ ነበር። እኔም አጎቴ ያስተማረኝን ቃል በእንግሊዝኛ ነገርሁት፦ «እግርህ ፍሪሲዮን ላይ እንዳያድር፤ ሥራህን ስትጨርስ አንሣ።» ጥቂት አስቦ ራሱን ነቀነቀና፦ «አጎትህ በየትኛው ጋራዥ ነው የሠራው?» አለኝ። «በደሴ መንገድ» አልሁት።